«ከሌሊቱ 8 ሰዓት ቡና የሚጠጣው ማን ነው?»፦ የአንድ ፔፐር የሥራ ማስታወሻ

ኅዳር 8 ቀን 2017፣ እሑድ

ዛሬ ቴሲሴን፣ የመመረቂያ ጽሑፌን፣ ከመደርደሪያ አወረድኩት። 112 ገጽ፣ ሰማያዊ ጠንካራ ሽፋን፣ ወርቃማ ጽሑፍ። ከተመረቅኩ ወዲህ የከፈተው ሰው ያለ አይመስለኝም። እናቴ ግን በየሳምንቱ አቧራውን ትጠርግለታለች።

ጥናቱ ስለ ጀበና ቡና ነው። ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ በየጥጉ ቡና የሚያፈሉ ሴቶች ከከሰሉ የሚወጣውን ብናኝ ምን ያህል ይተነፍሳሉ? ሦስት ወር ሙሉ ትንሽ መለኪያ ይዤ ማንደጃ አጠገብ ተቀምጫለሁ። ስንት ስኒ እንደጠጣሁ ቴሲሱ ውስጥ አላስገባሁም።

አሁን ፔፐር፣ ማለትም አጭር የጥናት ጽሑፍ አድርጌ፣ በእንግሊዝኛ ጆርናል (የምርምር መጽሔት) ላይ ላወጣው ነው። ምክንያቴ የዕውቀት ጥማት ብቻ ነው ብዬ አልዋሽም። ለፒኤችዲ የማመለክትበት ፎርም ላይ «የታተመ ጽሑፍ» የሚል ባዶ ሳጥን አለ። ሦስት ጊዜ ከፍቼ ሦስት ጊዜ ዘግቼዋለሁ። ይህን ማስታወሻ የምይዘው በኋላ «ቀላል ነበር» እንዳልል ነው።

ኅዳር 11

ከሥራ ስወጣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። ዕቅዴ ቀላል ነበር፤ ከቴሲሱ ቆርጦ መለጠፍ። የመረጥኩት ጆርናል ከ4,000 ቃል በላይ አይቀበልም። የእኔ የመጀመሪያ ምዕራፍ ብቻውን 6,000 ይጠጋል።

ምኑ ይቀነሳል? የከሰል ታሪክ አለ። የቡና ታሪክ አለ። ካልዲና ፍየሎቹ ሳይቀሩ አሉ። ካልዲን ወዲያው ቆረጥኩት። ፍየሎቹ ግን አንድ ቀን ፈጁብኝ፤ አንቀጹ አምሮ ነበር።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

አማካሪዬን ስድስት ኪሎ አገኘኋቸው። ማኪያቷቸው እየቀዘቀዘ የመጀመሪያውን ገጽ በእርሳስ አነበቡት። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገሬ ከሰል ከጥንት ጀምሮ የሰውን ልጅ ሲያገለግል እንደኖረ የሚያወሳ ነበር።

«ይሄ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ነው» አሉኝ። «‹እንደሚታወቀው›ን ገልብጠሽ ነው ያመጣሽው። የሚታወቅ ከሆነ ለምን ትነግሪኛለሽ?»

«መግቢያ ያስፈልገዋል ብዬ ነው፣ ዶክተር።»

«ቆይ እስኪ፣ ‹ኢት ዋዝ ፋውንድ ዛት› የሚለውን ፈልጊ።»

ላፕቶፑን ከፍቼ ፈለግኩ። 23 ቦታ መጣ። በ14 ገጽ ውስጥ 23 ጊዜ። ስክሪኑን አዞሩትና ወደ እኔ ገፉት። ነገሩ የገባኝ ወደ ቤት ስመለስ ታክሲ ውስጥ ነው። ይሄ የመሥሪያ ቤታችን ሪፖርቶች «ሆኖ ተገኝቷል» ነው። ቀን በቀን የምጽፈው ቋንቋ። ተገኝቷል፣ ተደርጓል፣ ተችሏል። ማን አገኘው? ማን አደረገው? እኔ ነኛ! በጥር ብርድ ዱካ ላይ ተቀምጬ የለካሁት እኔ ነኝ። ጽሑፉ ውስጥ ግን የለሁም፤ መለኪያው ራሱ በእግሩ ሄዶ የለካ ይመስላል።

ሳይንስ ማለት «እኔ» አለማለት ይመስለኝ ነበር። በመስኬ ያሉ አሥር ፔፐሮችን ከፍቼ ሳይ ስምንቱ «ለካን»፣ «ጠየቅን»፣ «አነጻጸርን» ይላሉ። ዛሬ ማታ 17ቱን ቀየርኩ። ስድስቱ ቀሩ፤ ማን እንዳደረገው እኔም አላስታውስም።

ታኅሣሥ 2

ስለ መግቢያ አጻጻፍ ሳነብ ጆን ስዌልስ የሚባሉ የቋንቋ ምሁር ላይ ደረስኩ። ብዙ ፔፐሮችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጡት መልክ፣ የጥናት ጽሑፍ መግቢያ በሦስት እርምጃ ይሄዳል። መጀመሪያ ሜዳውን ታሳያለህ፤ ይሄ ጉዳይ ለምን እንደሚያሳስብና ሌሎች ምን እንደሠሩ። ቀጥሎ ባዶውን ቦታ ትጠቁማለህ፤ ያልተጠና፣ ያልተለካ፣ ወይም የተምታታ ነገር። ከዚያ ያን ቦታ ትይዛለህ፤ «እኛ በዚህ ጥናት…» ብለህ።

ይሄማ የጨረቃ ቤት አሠራር ነው። ሰፈሩን ታያለህ፣ ባዶ ቦታ ታገኛለህ፣ ሳይነጋ ቆርቆሮህን ትመታለህ። ልዩነቱ እዚህ ካርታ የሚሰጡህ ገምጋሚዎቹ፣ ጆርናሉ ጽሑፍህን እንዲመዝኑ የሚልክላቸው ባለሙያዎች፣ መሆናቸው ነው።

የእኔ መግቢያ በዚህ ሲፈተሽ ሜዳው አራት ገጽ ነው። ባዶው ቦታ የለም። መያዙም የለም። ሰፈሩን ዞሬ ዞሬ ቤቴ ገብቻለሁ።

ታኅሣሥ 9

የዚህ ሁሉ ሥራ ትልቁ ቀን ዛሬ ይመስለኛል፤ አንድም ቃል ግን አልጻፍኩም።

ከጥናቱ ተሳታፊዎች አንዷን አገኘኋት። ያኔ ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ነበር የምትሠራው። ሰፈሩ ሲፈርስ ተነሥታ አሁን ከአራት ኪሎ ወረድ ብሎ አንድ ሕንጻ ሥር ረከቦቷን ዘርግታለች። ገና ሳልቀመጥ አወቀችኝ።

«ውይ! ያቺ ሳጥን ይዘሽ የምትመጪው! ምን አገኘሽ ታዲያ?»

ስጀምር ስለ ብናኝ ዓይነቶች አወራሁ። ከ2.5 ማይክሮሜትር በታች የሆነው ሳንባ ውስጥ ዘልቆ እንደሚገባ፣ ከፀጉር ውፍረት በብዙ እጥፍ እንደሚያንስ። እሷ ቡናውን ትቆላለች። ምጣዱን አፍንጫዬ ድረስ አምጥታ አሸተተችኝና «እሺ፣ ምን አገኘሽ?» አለች ደግማ።

ያኔ ነው ከአፌ የወጣው። «ከሰሉን ውጭ አፋፍመው የሚያስገቡት ጋ ብናኙ ዝቅ ይላል። ብዙ ሰዓት መሥራትና ትንሽ ሰዓት መሥራት ግን እንዳሰብኩት ብዙ ልዩነት አላመጣም።»

«እሱንማ እኔም አውቀዋለሁ፣ እህቴ። ሳይፋም ማስገባት የለብሽም። ጭሱ እስኪፋም ነው።» ማንደጃውን ሁለት ጊዜ አራገበችው። «ግን ውጭ አፋፍሚ ብለሽ ብቻ እንዳትጽፊ። ውጭ የት አለ? እዚያ በር ላይ ባወጣው ደንብ ማስከበር ይወስድብኛል።»

ሁለት ዓመት የፈለግኩት ነገር በሁለት ደቂቃ መጣ። እሷ ታውቀዋለች፣ እኔ ለክቼዋለሁ፤ ባዶው ቦታ ይሄ ነው። ደንብ ማስከበር ያለችው ደግሞ የዲስከሽኔ፣ ውጤቱን የማብራራበት ክፍል፣ ግማሽ ነው። ቴሲሱ ላይ «ከሰል አቀጣጣዮች ከቤት ውጭ እንዲያቀጣጥሉ ይመከራል» ብዬ ነበር ያለፍኩት። ማን ነው መካሪው? የት ነው ውጭው?

ቡናውን ከፈልኩ። አልቀበልም አለች፤ ተጣልተን ከፈልኩ።

ታኅሣሥ 10

አብስትራክቱን፣ ከፔፐሩ አናት ላይ የምትቀመጠውን አጭር ማጠቃለያ፣ በአንድ ቁጭታ ጻፍኩት። በአማርኛ። እሷ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብላ «እሺ፣ ምን አገኘሽ?» የምትለኝ እየመሰለኝ። ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ አመጣሁት። 240 ቃል። ደብዳቤያችን ላይ «ጉዳዩ፦» የምትለዋ መስመር ለካ አብስትራክት ኖራለች። እኛ ከእሷ በታች ያለውን ነው የምናበላሸው።

ታኅሣሥ 25

የሰዋስው ሳምንት። የለካሁትንና የጠየቅኩትን በኃላፊ ጊዜ፣ ሰንጠረዡ የሚያሳየውን በአሁን ጊዜ። ይሄ በሁለት ቀን ለመደ።

ያልለመደኝ ልክን ማወቅ ነው። «ፕሩቭ» የሚለውን ቃል አምስት ቦታ ጽፌያለሁ። 60 ማንደጃ ለክቼ ምን አረጋግጣለሁ? «ሰጀስት» (ይጠቁማል) አልኩት። «ሊሆን ይችላል» እና «ሳይሆን አይቀርም» መሐል ያለውን ርቀት ማንም አማርኛ ተናጋሪ ያውቃል። በእንግሊዝኛም ያው ርቀት አለ፤ ገምጋሚ የሚለካውም እሱን ነው።

«ሲግኒፊካንት» ደግሞ ወጥመድ ነው። ትልቅ ለማለት ጽፌው ነበር። አንባቢው ግን የስታቲስቲክስ ፈተና ያለፈ ብሎ ነው የሚረዳው። ፈተና ያልሠራሁበት ቦታ ሁሉ አወጣሁት።

ጥር 6

ቢሮ ያለ ልጅ «ለምን ትደክሚያለሽ፣ ለኤአይ ስጪው» አለኝ። ሰጠሁት። እንግሊዝኛዬን አለሰለሰው፣ እውነት ለመናገር አንዳንዱ ቦታ አሳመረው። ከዚያ ሳልጠይቀው ሦስት ማጣቀሻ ጨመረልኝ። አንዱ በትክክል የምፈልገው ነበር፤ የአፍሪካ ከተማ፣ ከሰል፣ መንገድ ላይ ምግብ የሚሸጡ ሴቶች። ደስ ብሎኝ ፈለግኩት። የለም። ጆርናሉ አለ፣ ቅጹ አለ፣ በገጹ ላይ ያለው ግን ስለ ሌላ ነገር ነው።

ሁሉንም አውጥቼ ማጣቀሻዎቼን ዞቴሮ ላይ አንድ በአንድ አስገባሁ፤ ነጻ ነው፣ ዝርዝሩንም ራሱ ይደረድራል። ለቋንቋ ማረሚያ በኤአይ መጠቀሜን ግን እጽፋለሁ፤ ጆርናሎቹ ይጠይቃሉ። ደራሲ አድርጎ ማስገባት ደግሞ አይፈቀድም፤ ስህተት ሲገኝ ተጠያቂ መሆን አይችልማ።

ጥር 21

ኢሜይል። «የተከበሩ ፕሮፌሰር» ይላል። ፕሮፌሰር! በአምስት ቀን ገምግመው ያወጡልኛል፤ የምከፍለው በዶላር ነው። የጆርናሉ ስም የታወቀ ጆርናል ስም ላይ አንድ ቃል የተጨመረበት ነው። የጥርስ ሕክምናም፣ ግብርናም፣ ሕግም ያወጣል።

አንድ የማውቀው ሰው እንዲህ ያለ ቦታ የወር ደመወዙን ከፍሎ አውጥቷል። አሁን ሲቪው ላይ መጻፍም ማጥፋትም ከብዶታል።

ለማጣራት ሁለት ቦታ ማየት ይበቃኛል። አንዱ ዶአጅ የሚሉት፣ በነጻ የሚነበቡ ጆርናሎች መዝገብ ነው። ሌላው በ1998 እ.ኤ.አ. የተጀመረውና አሁን ከደቡብ አፍሪካ የሚሠራው የአፍሪካ ጆርናሎች ድረ ገጽ። እዚያ የእኛም አሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የሚወጣውን የኢትዮጵያ ሕክምና ጆርናል ጨምሮ። ክፍያውም ቢሆን እንደፈራሁት አይደለም። በዓለም ባንክ ምደባ ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ለሚላክ ጽሑፍ የሚተዉ ትልልቅ አሳታሚዎች አሉ። መጠየቅ ያለበት ግን ሲላክ ነው፣ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ አይደለም።

የካቲት 6

መላኪያው ፎርም ላይ ስም ሙላ ይላል። የመጀመሪያ ስም፣ የቤተሰብ ስም። የቤተሰብ ስም የለኝም። የአባቴን ጻፍኩ። እንግዲህ የሚጠቅሰኝ ሰው ካለ በአባቴ ስም ይጠቅሰኛል። አባቴ ደግሞ ጡረታ እስኪወጣ አንበሳ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ በስተርጅና ስለ ብናኝ ተመራማሪ ሊሆን ነው። ነገርኩት። «ተሳስተሽ እንዳታሰድቢኝ ታዲያ» አለኝ።

አማካሪዬ በሦስት ፔፐር ላይ በሦስት ዓይነት ስም ወጥተዋል፤ አንዱ ላይ በአያታቸው። ለዚህ ነው ኦርኪድ የሚሉት ባለ 16 አኃዝ ቁጥር የሚያስፈልገው። ነጻ ነው፣ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ስሙ ቢገለባበጥም ቁጥሩ አይገለበጥም።

ስም ካነሳን፣ አንድ አለቃ ስማቸው እንዲገባ በሰው በኩል አስነግረውኛል። መለኪያውን የተዋስኩበትን ወረቀት የፈረሙት እሳቸው ናቸው። የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች መመሪያ ለደራሲነት አራት ነገር ይጠይቃል። በሐሳቡ ወይም በመረጃው ላይ ጉልህ ሥራ፣ በመጻፍ ወይም በማረም መሳተፍ፣ የመጨረሻውን ረቂቅ ማጽደቅ፣ ለሥራው ተጠያቂ መሆን። አራቱም አንድ ላይ። ምስጋናው ላይ አስገባኋቸው። አኩርፈዋል። ኮሪደር ላይ ሰላምታችን አጥሯል።

የካቲት 18

ላክሁ! ማታ 5 ሰዓት። መብራት ሁለት ጊዜ ሄዶ መጣ።

የካቲት 22

ተመለሰ። በአራት ቀን፣ ለገምጋሚ እንኳ ሳይደርስ። «ከጆርናላችን ትኩረት ውጪ ነው» ይላል። ጆርናሉ ላይ «ስለ እኛ» የሚለውን ገጽ አሁን አነበብኩት። የሚቀበሉት የላቦራቶሪ ሥራ ነው። ለሦስት ወር ዓይኔ ሥር ነበር። ለዛሬ ሌላ የምጽፈው የለኝም።

መጋቢት 6

ለሌላ ጆርናል ላክሁ። በዚህኛው ላይ የወጡ አሥራ አንድ ጽሑፎች መጀመሪያ አነበብኩ። ሁለቱ ስለ ከሰል ናቸው፤ ሁለቱንም ጠቅሻቸዋለሁ፣ ለጉቦ ሳይሆን ስለሚያስፈልጉ። ለጉቦም ትንሽ።

ግንቦት 27

መጣ። «ሜጀር ሪቪዥን»፤ ብዙ አርመሽ መልሽ ማለት ነው። ሁለት ገምጋሚ፣ 31 አስተያየት። መጀመሪያ ዘጋሁት። ሻይ ጠጣሁ። ከፈትኩት። ዘጋሁት። ዶክተር ጋ ደወልኩ። «ሪጀክት አላሉም እኮ፣ እንኳን ደስ አለሽ» አሉኝ፤ እያሾፉ መስሎኝ ነበር።

ማታ ተረጋግቼ አነበብኩት። ከ31ዱ ስለ እንግሊዝኛዬ የሚያወራው አራት ብቻ ነው። አንደኛዋን ገምጋሚ ልቅዳት፦ መረጃው የተሰበሰበው በ2015 ነው ይላል፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ስለተለወጠ ደራሲዎቹ ለምን ይህን ያህል ዓመት እንደቆዩ ያስረዱ።

2015። የእኛ 2015! ከጥር እስከ መጋቢት 2015 ማለት ለእሷ ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል 2023 ነው። ዓመቱን ሳልመነዝር ነው የጻፍኩት፤ ለአሥር ዓመት መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጥኩት መስሏታል።

የሚቀጥለው አስተያየት ደግሞ ይሄ ነው። ልኬቱ የተካሄደው ከሌሊቱ 2 እስከ 4 በፈረንጅ ሰዓት እንደሆነ ተገልጿል፤ በዚህ ሰዓት ቡና የሚሸጠውና የሚጠጣው ማን እንደሆነ ደራሲዎቹ ቢያብራሩ።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ብዬ ነው ያሰብኩት። ጠዋት ስለሆነ «ኤ.ኤም.» ጨመርኩበት። ስለዚህ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ፣ በጥር ብርድ፣ ስልሳ ሴት ከሰል አቀጣጥላ ቡና ታፈላለች። እኔም ሳጥኔን ይዤ አጠገባቸው አለሁ። ብቻዬን ሳቅኩ። እናቴ ምን ሆነሽ አለችኝ፤ ስነግራት «ደግሞስ ማን ይጠጣል?» አለች። ልክ እንደ ገምጋሚዋ።

ዶክተርም አንብበውት ነበር፣ ሁለት ጊዜ። እሳቸውም አላዩትም። ለእኛ ስህተት አይደለማ። 2 ሰዓት፣ በቃ 2 ሰዓት ነው።

ሰኔ 3

ሁለተኛው ገምጋሚ ደረቅ ነው፤ ግን የያዘው ሁሉ ልክ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለብናኝ ካወጣው ገደብ አሮጌውን ነው የጠቀስኩት። በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣው የ24 ሰዓት አማካይ 25 ማይክሮግራም በሜትር ኪዩብ ነበር። በ2021 ወደ 15 ወርዷል። ከ25 በታች ናቸው ብዬ ያለፍኳቸው ማንደጃዎች ከ15 በላይ ሆነው ቁጭ አሉ። አንድ ሰንጠረዥ ሙሉ እንደገና ተሠራ። ሦስት ቀን። በሁለት ሰዓት ልኬትና በ24 ሰዓት አማካይ መሐል ማወዳደር ራሱ ልክ እንዳልሆነም ጽፏል። እሱንም በግልጽ ጻፍኩ፤ ማነጻጸሪያ እንጂ መፍረጃ እንዳልሆነ።

የሥነ ምግባር ፈቃዱን ቁጥርም ጠይቋል። ደብዳቤው እኔ ጋ አለ፣ ቁጥሩ ላይ ማኅተም ተመትቶበት አይነበብም። ቅጂው ያለበት ቢሮ ሄድኩ። ፋይሉ ያለው ሰውዬ ጋ ነው፣ ሰውዬው ሥልጠና ሄዷል፣ ቁልፉ ደግሞ ከሰውዬው ጋር ነው። አራተኛ ቀኔ ላይ አንዲት ጸሐፊ አዘነችልኝና ከወጪ መዝገብ ላይ አወጣችልኝ። እግዚአብሔር ይስጣት።

ሰኔ 9

የመልስ ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው። 31 ረድፍ ሰንጠረዥ። በግራ የእነሱ፣ በቀኝ የእኔ፣ የተለወጠበት ገጽና መስመር። እያንዳንዱ በ«እናመሰግናለን» ይጀምራል። ከአሥራ አምስተኛው በኋላ ሠርግ ላይ ቆሜ እንግዳ የምቀበል መሰለኝ።

ሁለት ቦታ ላይ አልተስማማሁም። አንዱ፣ ገምጋሚው ሴቶቹ ለምን ወደ ኤሌክትሪክ ምድጃ እንደማይዞሩ ጠይቋል። ያቺ ረከቦት ዘርግታ የምትሠራው ሴት ደንብ ማስከበር ያለችውን አስታወስኩ። መሰኪያ የት አለ? በትሕትና ጻፍኩት፣ ግን ጻፍኩት። «የጥናቱ ውስንነት» በሚለው ክፍልም አንድ አንቀጽ ጨመርኩ። ከለካንባቸው ቦታዎች ከፊሎቹ በከተማው የኮሪደር ልማት ምክንያት ዛሬ የሉም፤ እንደገና ሄዶ መለካት አይቻልም። ያን አንቀጽ ስጽፍ ዶሮ ማነቂያ የነበረውን ጠባብ መተላለፊያ በዓይኔ አየሁት። «ጠባብ» ብቻ አልኩት። ሌላው ለፔፐር አይሆንም።

ሰኔ 14

ላክሁ። ሰዓት የሚል ቃል ሁሉ ፈልጌ፣ ዓመት የሚል ሁሉ ፈልጌ፣ መንዝሬ።

ሰኔ 15፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ትዝ አለኝ። ሥዕል 2! ግራፉ። በሥሩ ያለው መስመር 2፣ 3፣ 4 ይላል። ፎቶ ስለሆነ ፍለጋው አላገኘውም።

ለኤዲተሩ ኢሜይል ጻፍኩ። ሁለት ዓረፍተ ነገር። «ሥዕል 2 ላይ ያለው ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። የታረመው ተያይዟል፣ 8፣ 9፣ 10 ይላል።» እንደሚታወቀው የለም፤ ሆኖ ተገኝቷል የለም።

ሰኔ 17

መለሰ። «ደርሶናል፣ ተክተነዋል። ቀኑንም እባክዎ ያረጋግጡልን፤ መጋቢት 30 በዚያ ዓመት ኤፕሪል 8 ነው ብለን ይዘናል።»

ቆጠርኩ። ልክ ነው።